የአኩሪ አተርና የተልባ ኢስትሮጅን፦ ምን ያህል? በስንት ዕድሜ?

በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የምዕራብ አውስትራሊያ በግ አርቢዎች ግራ ገባቸው። ግጦሹ ለምለም ነው፤ እናት በጎቹ ግን አያረግዙም፣ ያረገዙትም በምጥ ይቸገራሉ፣ የአንዳንዶቹ ማህፀን ይወጣል። ምክንያቱ ለመኖ የተዘራው የማገጥ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ተክሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በጎቹ ሆድ ገብቶ ኢኩዎል ወደሚባል፣ የሴት ሆርሞን የሆነውን ኢስትሮጅንን ወደሚመስል ነገር ይለወጥ ነበር። የዕፅዋት ኢስትሮጅን ሴትን መካን ያደርግ እንደሆነ መጠየቅ የተጀመረው ያኔ ነው።

በጎቹ ግን ወራት ሙሉ ከዚያ መኖ በቀር ሌላ አልቀመሱም። የሰው ገበታ እንዲህ አይደለም። በአኩሪ አተር ያሉት አይሶፍላቮኖችና በተልባ ያሉት ሊግናኖች ከሰውነታችን ኢስትሮጅን እጅግ የደከሙ ናቸው። የሆርሞኑን መቀበያ ሲይዙ እንደ ሁኔታው ሥራውን በመጠኑ ይሠራሉ፣ ወይም ለዋናው ሆርሞን ቦታ ይከለክላሉ። ኢኩዎልን የሚያመርቱ የአንጀት ባክቴሪያዎችም ሁሉም ሰው ዘንድ አይገኙም፤ በምዕራቡ ዓለም ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ብቻ ነው ያሉት። ስለዚህ አንድ ማዕድ የቀረቡ ሁለት እህትማማቾች እንኳ ከአንድ ምግብ እኩል ላያገኙ ይችላሉ።

በ2009 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ገና ወር አበባ በሚያዩ ሴቶች ላይ አኩሪ አተር እንቁላል የሚያበስሉትንና የሚያስለቅቁትን ሁለት ሆርሞኖች በ20 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ፣ ዑደቱንም በአንድ ቀን ያህል እንዳስረዘመ አሳየ። የኢስትሮጅን መጠን ግን አልተለወጠም። በሰሜን አሜሪካ ከ11 ሺህ በላይ አድቬንቲስት ሴቶች በተካተቱበት ጥናት፣ አይሶፍላቮን አብዝተው የሚመገቡት የመውለድ ዕድላቸው በጥቂቱ አንሶ ተገኝቷል። ቦስተን ውስጥ በላቦራቶሪ እገዛ ለማርገዝ ከሚሞክሩ ሴቶች መካከል ደግሞ አኩሪ አተር የሚመገቡት የተሻለ ውጤት አገኙ። ሁለቱም የታዛቢ ጥናቶች ናቸው፤ አኩሪ አተር የሚያዘወትር ሰው በሌላውም አኗኗሩ ከሌላው ይለያልና ምክንያቱን በእነሱ ብቻ መወሰን አይቻልም።

ለእኛ ቤት የሚቀርበው የተልባ ነው። በ1993 በታተመ ጥናት 18 ሴቶች በቀን 10 ግራም የተልባ ዱቄት ሲወስዱ፣ እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ያለው የዑደት ክፍል ረዘመ፤ እንቁላል ሳይለቀቅ ያለፈ ወርም አልታየም። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም በጾም ተልባ የምትጠጣ ሴት ስለ መውለዷ የምትፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ለሕፃናት በሚዘጋጅ የአኩሪ አተር ዱቄት ወተት ብቻ የሚያድግ ሕፃን። የሚያገኘው የአይሶፍላቮን መጠን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር አዋቂ ከሚመገበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ምግቡም፣ እንደ በጎቹ መኖ፣ ያው አንድ ነገር ነው። በፊላደልፊያ የተካሄደ ክትትል በዚህ ወተት ባደጉ ሴት ሕፃናት ማህፀንና ብልት ላይ ኢስትሮጅን ያረፈባቸው የሚመስሉ ለውጦችን አሳይቷል። በልጅነታቸው ይህን ወተት የጠጡ ሴቶች ካደጉ በኋላ በአንድ ጥናት ሲጠየቁ ግን የታየው ልዩነት ከግማሽ ቀን ያነሰ የወር አበባ መርዘምና ጠንከር ያለ ሕመም ነበር። የላም ወተት ላልተስማማው ሕፃን ይህን ወተት መምረጥ እንግዲህ ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው፤ በጡባዊ የሚሸጠው መጠኑ የበዛ አይሶፍላቮንም፣ በተለይ ለማርገዝ ለምትሞክር ሴት፣ እንዲሁ።