የመምህር አለንጋና ሰላም

መካነ ሰላም በግእዝ የሰላም ስፍራ ማለት መሆኑን ለካህናት ማስረዳት አያሻም። በደቡብ ወሎ ምዕራብ፥ የቦረና ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ሳይወርድ የምትገኘው ይህች ከተማ ያለችበት ምድር ሁለት ዓይነት ተማሪ ያውቃል፤ አንዱ ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ ዳዊትና ቅኔ የሚማረው የቆሎ ተማሪ፥ ሁለተኛው ቁርዓን የሚቀራው ደረሳ ነው። በሁለቱም ዘንድ ቀድሞ የገባው ኋላ የመጣውን ማስተማሩ የታወቀ ልማድ ነው። ዛሬም በከተማዪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቄሱና የሸኹ ልጆች በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ።

ይህን የመሰለውን ሥርዓት ዮሴፍ ላንካስተር የሚባል ወጣት በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1798 ዓመት በሎንዶን ለድኆች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ቢሠራበት እንደ አዲስ ነገር ተደነቀለት። ላንካስተር ኩዌከር ከሚባሉት፥ ጦርነትን ፈጽመው ከማይቀበሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበር። ረዳት መምህራን የሚቀጥርበት ገንዘብ ስላልነበረው ያወቁትን ልጆች በታናናሾቹ ላይ አለቃ አድርጎ ሾመ፤ ወረቀትም ውድ ነበረና ፊደሉን በአሸዋ ላይ አስጻፈ። ዘዴውን በ1803 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠው። አንድሪው ቤል የሚባል ቄስም አስቀድሞ በሕንድ አገር በማድራስ ይህንኑ ሠርቶበት ነበርና፥ ማን ቀደመ በማለት ደጋፊዎቻቸው ብዙ ተከራክረዋል፤ የየኔታ ደቀ መዛሙርት ቢሰሙ በሣቁ ነበር።

የላንካስተር ሥራ ዋና ነገሩ ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ የአንዱን ወገን ሃይማኖት ሳይለይ የሁሉንም ክርስቲያን ልጆች ተቀበለ፤ ስለዚህም ከአገሩ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተቃውሞ ተነሣበት። ግርፋትንም ነቀፈ። ይሁን እንጂ እውነቱ ሊሰወር አይገባም፤ አለንጋውን አስቀርቶ ባጠፋው ልጅ አንገት ግንድ አንጠለጠለ፥ ሌላውንም በቅርጫት አድርጎ ወደ ጣራ ሰቅሎ ጓደኞቹ እንዲሣለቁበት አደረገ። ሕማሙን በኀፍረት ለወጠው እንጂ ቅጣቱን አላለዘበም።

ካህናት ይህን ሲሰሙ ለኮበለለ ተማሪ እግር የተዘጋጀውን ሰንሰለትና የየኔታን አለንጋ ማስታወሳቸው አይቀርም። ያለ አለንጋ ዳዊት አይደገምም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በግርፋት የተማረ ልጅ ፊደሉን ብቻ ይዞ አይወጣም፤ ክርክር በምን እንደሚቈረጥም ከዚያው ተምሮ ይወጣል፤ ነገም ዳኛ ወይም ሹም ይሆናል። በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ይህን ድንጋጌ እስከ ቆላው ቀበሌ ማድረስ የሹማምንቱ ፈንታ ነው፤ በየደብሩ የሚጸናው ግን ካህናቱ ራሳቸው ሲይዙት ነው።

ለዚህ ምስክር ከሎንዶን መጥራት አያስፈልግም። ጋሥጫ፥ የአባ ጊዮርጊስ ገዳም፥ በዚያው በቦረና ምድር ናት። ገድሉ እንደሚናገረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ ብዙ ዘመን ለማኅበሩ እህል ሲፈጭ ኖረ። ገዳሙ አላባረረውም። ወፍጮ ሲገፋ የኖረው ያ ደቀ መዝሙር ኋላ ሰዓታቱን ደረሰ። በዘመኑ የሃይማኖት ክርክር በበረታ ጊዜም ለተከራካሪዎቹ የሰጠው መልስ በብራና ላይ ነው፤ እርሱም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1424 ዓመት የፈጸመው መጽሐፈ ምስጢር ነው።