የጨው ባሕር ጭቃ የሚናገረው

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከኬንያ ድንበር አጠገብ ያለው ጨው ባሕር ዛሬ በአብዛኛው ደረቅ የጨው ሜዳ ነው። ድሮ ግን ሰፊ ሐይቅ ነበር። በምን ታወቀ?

ተመራማሪዎች በ2014 (እ.ኤ.አ.) 280 ሜትር ገደማ ቆፍረው ደለሉን አወጡ፤ ወደ 620 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ክምችት ነው። ቁልፉ ፖታሲየም ነው። ዝናብ ሲጠፋ ሐይቁ ይጎድላል፣ ውኃው ጨዋማ ይሆናል፤ ያኔ በውኃው ያለው ፖታሲየም ወደ ሸክላው ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ፖታሲየም የበዛበት ንብርብር የድርቅ ዘመን ምልክት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ግኝት ነው። ሰሃራ እንኳ ለምለም የነበረበት እርጥብ ዘመን ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሲያበቃ ድርቁ በአንዴ አልገባም። ቀደም ብሎ ቢያንስ 14 ጊዜ እየመጣ ሄዷል፤ አንዱ ከ20 እስከ 80 ዓመት ይቆይ ነበር።

እዚያው አጎራባች ያለው የቦረና አርብቶ አደር በቅርቡ ከብቱን ያጣው ዝናቡ አምስት ወቅት ብቻ ተከታትሎ ስለቀረበት ነው።