የግንብ ከበባ ጨዋታዎች የዳግም ሽያጭ ዋጋ

የግንብ ከበባ ጨዋታ የዳግም ሽያጭ ዋጋ ማለት ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱት፣ በምናብ ዓለም ውስጥ ግንብ የሚከበብበት የቪዲዮ ጨዋታ (ጌም) ከመጀመሪያው ባለቤት ወደ ሌላ ሰው ሲሸጥ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። ለሽያጭ የሚቀርበው ወይ ጨዋታው የተቀዳበት ሲዲ ነው፣ ወይ ደግሞ ተጫዋቹ ለወራትና ለዓመታት ያሳደገው አካውንት። የሁለቱም ዋጋ የተንጠለጠለው ሻጩም ገዢውም በማያዙበት ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም የኩባንያው ሰርቨር ነው።

ሲዲው

ለብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ ሲዲው እስካልተጫረ ድረስ ከአሥር ዓመት በኋላም ይሠራል፤ ስለዚህ ያገለገለውም ቢሆን ገዢ አያጣም። የከበባ ጨዋታ ግን አጥቂውም ተከላካዩም ሰው ስለሆነ ያለ ሰርቨር አይከፈትም። ሲዲው ቁልፍ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ለዚህ ዋርሃመር ኦንላይን የተባለው ጨዋታ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ይህ ጨዋታ ሁለት ጎራዎች አንዱ የሌላውን ምሽግና ዋና ከተማ የሚከቡበት ነበር። ሰርቨሩ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 2013 ሲዘጋ በየቤቱ የነበረው ሲዲ በአንድ ቀን ተራ ፕላስቲክ ሆነ። በኋላ አፍቃሪዎቹ በራሳቸው ሰርቨር መልሰው ቢያስነሱትም እዚያ የሚጫወተው በነፃ ስለሆነ የሲዲው ዋጋ አልተመለሰም።

ሰርቨሩ ሳይዘጋም ዋጋው ሊቀንስ ይችላል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 በአዳዲስ ሲዲዎቹ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኮድ ያስገባ ነበር። ያገለገለ ሲዲ የገዛ ሰው በኢንተርኔት ለመጫወት ወደ 10 ዶላር ገደማ ይጨምራል፤ ያገለገለው ዋጋም በዚያው ልክ ይወርዳል። በኢንተርኔት የሚወርድ ጨዋታ ደግሞ ጭራሽ መልሶ ለመሸጥ የማይቻል ሆኗል። በፈረንሳይ አንድ የሸማቾች ማኅበር ቫልቭን ከስሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ቢረታም፣ በ2022 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮታል።

አካውንቱ

የአካውንት ንግድ የተስፋፋበት ዋናው አገር ደቡብ ኮሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤንሲሶፍት ያወጣው ሊኒዬጅ ውስጥ ግንብ የያዘ ቡድን በዙሪያው ካሉ ሱቆች ግብር ይሰበስባል። ግብሩ የጨዋታው ገንዘብ በሆነው አዴና ስለሚከፈል፣ ግንብ መያዝ ገቢ ማግኘት ማለት ነበር። ከዚህ በኋላ ሰይፉም አዴናውም በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አይተምቤይ የተባለ የዚሁ ንግድ መገበያያ ተከፈተ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አዴና በመለዋወጥ የተከሰሱ ሁለት ሰዎችን በነፃ አሰናብቷል፤ ምክንያቱም ገንዘቡ እንደ ቁማር በዕድል ሳይሆን በጥረት የሚገኝ ነው የሚል ነበር። ውሳኔው የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2010 መግቢያ ላይ ነው።

በስልክ ዘመን ይህንኑ ንግድ ወደ ተራው ተጫዋች ያመጣው ክላሽ ኦፍ ክላንስ ነው። የፊንላንዱ ሱፐርሴል እ.ኤ.አ. በ2012 ለአይፎን፣ በ2013 ለአንድሮይድ አወጣው። ጨዋታው በነፃ ስለሚወርድ ራሱ የሚሸጥ ነገር የለውም። የሚሸጠው ጊዜ ነው። በከፍተኛ ደረጃ ላይ አንድ ሕንፃ ለማሳደግ ከሳምንት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ያደገ መንደር የገዛ ሰው የሌላውን ሰው ትዕግሥት ገዛ ማለት ነው። ገዢዎች በመጀመሪያ የታውን ሆሉን ደረጃ፣ ቀጥሎ ጀግኖቹንና አጥሩን ያያሉ። መከላከያው ሳያድግ ታውን ሆሉ ብቻ የተጣደፈ መንደር በርካሽ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ቢያምርም በጦርነት ላይ ለክላኑ ሸክም ነው።

ብዙ ሻጮች የማያስቡት ነገር አለ። ኩባንያው አዲስ ደረጃ በጨመረ ቁጥር የቀድሞዎቹን ደረጃዎች ወጪና የግንባታ ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ በሦስት ዓመት የተገነባ መንደር ከጊዜ በኋላ በጣም ባጠረ ጊዜ ሊገነባ ይችላል። ሻጩ የደከመበትን ያህል ሊጠይቅ ይፈልጋል፤ ገዢው ግን የሚከፍለው ዛሬ ለሚቆጥበው ጊዜ ብቻ ነው።

ሻጩ መልሶ ሲወስደው

የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ከሸጠ በኋላ ሌሊት ተመልሶ ከነጋዴው መጋዘን ጆንያውን አያወጣም። አካውንት የሸጠ ሰው ግን ይህን ማድረግ ይችላል፤ ዋጋውን ከሁሉም በላይ የሚያወርደውም ይኸው ነው። መግቢያው የተያያዘው ከኢሜይል ጋር ሲሆን ኮዱም ወደ ኢሜይሉ ይላካል። ገዢው ኢሜይሉን ቢቀይር እንኳ፣ የመጀመሪያው ባለቤት አካውንቱ መቼ እንደተከፈተ፣ በየትኛው ስልክ እንደተጫወተ፣ ምን እንደገዛበት ያውቃል። እነዚህን ለኩባንያው አቅርቦ «ተሰርቄያለሁ» ሊል ይችላል። ገዢው በበኩሉ ገዛሁ ቢል አቤቱታው ራሱ ጥፋቱን ማመን ይሆንበታል፤ የሱፐርሴል የአገልግሎት ውል አካውንት መሸጥንም መግዛትንም ይከለክላልና። ቅጣቱ አካውንቱን እስከ መዝጋት ይደርሳል።

በኢትዮጵያ

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በሞያሌ መንገድ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። እንደዚህ ባለ ከተማ የሚኖር ተማሪ ከኮምፒውተር ይልቅ ስልክ ስለሚቀርበው፣ ከከበባ ጨዋታዎችም እንደ ክላሽ ኦፍ ክላንስ ያሉት ይቀሉታል። ገንዘቡ እንደ ቴሌብር ባለ መንገድ ወዲያው ይተላለፋል፤ አካውንቱ ግን በሻጩ ቃል ላይ ይቀራል። ዋጋው በዶላር የሚጠራ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ መንደሩ አንድ ደረጃ ሳይጨምር በብር ዋጋው ወደ እጥፍ ተጠግቷል ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሽያጭን የሚተረጉመው ሻጩ ዕቃውን አስረክቦ ባለቤትነቱን የሚያዛውርበት ውል አድርጎ ነው። የአካውንት ሻጭ በአገልግሎት ውሉ መሠረት ያለው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት ስላልሆነ፣ የሚያዛውረው ነገር አጠያያቂ ነው። ገንዘብ ተቀብሎ አካውንቱን በማታለል መልሶ የወሰደ ሰው ግን ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይሆንም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልንና ያለፈቃድ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ለማመልከት የፈለገ ገዢ የክፍያውን ደረሰኝና ከሻጩ ጋር የተጻጻፈውን ሳያጠፋ ማቆየት አለበት።

ያገለገለ ስልክ መሸጥ ከዚህ የተለየ ነው። ስልኩ የሻጩ ንብረት ስለሆነ መሸጡ የአገልግሎት ውሉን አይነካም። መንደሩ ያለው በሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ሻጩ ኢሜይሉን ከስልኩ አውጥቶ፣ በአዲሱ ስልኩ ገብቶ ካቆመበት ይቀጥላል።