በቀድሞ የፈረንሣይ ቢስክሌት ላይ የፔዳልን ዘንግ ስለ መለወጥ

የቢስክሌት ሁለት ፔዳሎች የሚዞሩበት ዘንግ በፍሬሙ ታች በሚገኘው አጭር ቱቦ ውስጥ ያልፋል። በቱቦው ግራና ቀኝ ኩባያ የሚመስሉ ሁለት የብረት ክዳኖች በብሎን ጥርስ ይገባሉ፤ በኩባያውና በዘንጉም መካከል የኩሽኔታ ኳሶች ይሽከረከራሉ። እነዚህ ክፍሎች ሲያረጁ መለወጥ በአብዛኛው ቢስክሌት ላይ ቀላል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በፈረንሣይ አገር በተሠሩት ፍሬሞች ላይ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማይስማማ ኩባያ በግድ ቢገባ ዋናው ጉዳት የሚደርሰው በፍሬሙ ላይ ነውና። ኩባያ በገንዘብ ይተካል፤ የቱቦው ጥርስ አንድ ጊዜ ከተላጠ ግን ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የችግሩን ምክንያትና መፍትሔውን ባጭሩ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የልኮቹን ልዩነት እንመልከት። ከዚህ በታች «ወደ ቀኝ» ስንል እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ማለታችን ነው። የፈረንሣይ ኩባያ ስፋቱ 35 ሚሊሜትር፣ በአንዱ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሁለቱም ኩባያዎች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ። የእንግሊዝ ኩባያ ስፋቱ 1.37 ኢንች፣ ማለት 34.8 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥም 24 ጥርስ አለው። በሰንሰለቱ በኩል ያለው የቀኙ ኩባያ ግን ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። የኢጣሊያ ልክ 36 ሚሊሜትርና በኢንች 24 ጥርስ ሆኖ፣ እንደ ፈረንሣይ ሁሉ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። የስዊስ ልክ በስፋትና በጥርስ ከፈረንሣይ ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው የቀኙ ኩባያ ወደ ግራ በመጥበቁ ብቻ ነው።

እንግዲህ በፈረንሣይና በእንግሊዝ ኩባያ መካከል ያለው የስፋት ልዩነት 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ዐይን አይለየውም። አሳሳቹም ነገር ይህ ነው። የእንግሊዝ ጥርስ ርቀት 1.058 ሚሊሜትር ነው። የግራው የእንግሊዝ ኩባያ በፈረንሣይ ቱቦ ውስጥ መጀመሪያ ጥቂት ዙር በሰላም ይገባል፤ ከ10 ጥርስ በኋላ ግን ልዩነቱ ተደማምሮ ከግማሽ ሚሊሜትር ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው «ዝገት ነው» ብሎ መፍቻውን ቢያስረዝም የሚቆረጠው የፍሬሙ ጥርስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ እንግሊዞች የቀኙን ኩባያ ለምን ገለበጡት? የሚል ነው። ፔዳል ወደ ፊት ሲረገጥ ዘንጉ ከቀኝ በኩል ሲታይ ወደ ቀኝ ይዞራል። ኳሶቹ ጫናውን ተሸክመው በዚያው አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ በኩባያው ላይ የሚያርፈው ግፊትም አብሯቸው ይዞራል። አንድ ቀለበት በጥቂቱ በሚበልጠው ሌላ ቀለበት ውስጥ አስገብተን፣ ከውስጥ በጣት እየተጫንን ግፊቱን ወደ ቀኝ ብናዞር፣ ትንሹ ቀለበት በራሱ ዙሪያ ወደ ግራ ሲዞር እናያለን። ኩባያውም በቱቦው ውስጥ ቅንጣት ታህል ልል ከሆነ እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ቀኝ የሚጠብቀው የፈረንሣይ ቀኝ ኩባያ በተረገጠ ቁጥር የመፈታት ዝንባሌ አለው፤ የእንግሊዙ ግን ይብሱን ይጠብቃል።

የፍሬሙን ልክ ለማወቅ የሠሪውን አገር መጠየቅ ብቻ አይበቃም። የፈረንሣይ ፋብሪካዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ ስዊስና ወደ እንግሊዝ ልክ ተዛውረዋልና። የቱቦው ወርድም የፈረንሣይና የእንግሊዝ እኩል 68 ሚሊሜትር ስለ ሆነ አይረዳም። የሚረዱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በኩባያው ፊት የተቀረጸው ቁጥር (ለምሳሌ 35 × 1)፣ የቀኙ ኩባያ የሚፈታበት አቅጣጫ፣ እንዲሁም በጥርስ መለኪያ የሚገኘው ርቀት።

ከዚህ በኋላ ሥራው በቅደም ተከተል ይከናወናል። የፔዳሉን ክንድ በመንቀያ ለማውጣት የመንቀያውን ልክ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል፤ ተራው መንቀያ 22 ሚሊሜትር ሲሆን የቀድሞው የስትሮንግላይት ክንድ 23.35፣ የቴ አ ደግሞ 23 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ቀጥሎ የግራው ማሰሪያ ቀለበትና ኩባያ ወደ ግራ እየዞሩ ይፈታሉ። የቀኙ ኩባያ ውስጡ ለስላሳ ከሆነ ሳይነካ በቦታው ጠርጎ መተው ይሻላል። የግድ መውጣት ካለበት፣ ወፍራም ብሎን በቀዳዳው አሳልፎ፣ ራሱን በቱቦው ውስጥ አድርጎ፣ በሁለቱም በኩል ሮንዴላ አስገብቶ በዳዶ ማጥበቅ ነው። ከዚያ ዳዶውን ለቆ የብሎኑን ራስ ከግራ በኩል በረጅም መፍቻ ወደ ቀኝ ያዞሯል። ከግራ ሲታይ ወደ ቀኝ የሆነው ዙር ከቀኝ ሲታይ ወደ ግራ ስለ ሆነ፣ ብሎኑ እየጠበቀ ሄዶ ኩባያውን ይፈታዋል።

ለመተካት ከሁሉ የሚሻለው የቀድሞዎቹን ኩባያዎች አቆይቶ ኳሶቹንና፣ ካረጀ፣ ዘንጉን መለወጥ ነው፤ ኳሶቹ ብዙውን ጊዜ በየጎኑ 11 ሆነው ስፋታቸው ሩብ ኢንች ነው። ኩባያዎቹ ከተበሉ የፈረንሣይ ጥርስ ባላቸው ቀለበቶች የሚያዝ ዝግ ኩሽኔታ፣ ወይም የቱቦውን ጥርስ ሳይነካ ከውስጥ ተወጥሮ የሚይዝ ዐይነት ይገባል። ቱቦውን በኢጣሊያ ልክ አስፍቶ እንደገና ጥርስ ማውጣትም ይቻላል። ነገር ግን ይህ የማይመለስ ሥራ ከመሆኑም በላይ፣ የኢጣሊያውም ቀኝ ኩባያ ወደ ቀኝ ስለሚጠብቅ የመፈታቱን ችግር አያስወግድም። ስለዚህ ጥርሱ ፈጽሞ ለጠፋበት ፍሬም ብቻ የሚቆይ መድኃኒት ነው።

በማናቸውም ረገድ የቀኙ ኩባያ ጥርሱ በደንብ ተጠርጎ በብርቱ ኀይል መጥበቅ አለበት፤ ልል ካልሆነ የሚያንከባልለው ክፍተት አይኖርምና። ኩባያው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ዙር ካልገባ መፍቻ ከማንሣት በፊት ቆሞ መለካት ይገባል።