ተረትና እውነታ፦ በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ በነፃ ነው?

ከአውሮራ ወጥቶ በአይ-70 ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ዋትኪንስን፣ ቤኔትን፣ ስትራስበርግንና ባየርስን ያልፋል። በዚያ ሜዳ ላይ እሳት ቢነሳ ማን ይደርሳል? አንዳንዱ «የከተማው እሳት አደጋ ይመጣል» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «በጎ ፈቃደኞች አሉ፣ እነሱ በነፃ ነው የሚሠሩት» ይላል። የመጀመሪያውን ማረም ቀላል ነው። ዴንቨርና አውሮራ በደሞዝ የሚሠሩ እሳት አጥፊዎች አሏቸው፤ ወጪው በዋናነት ከከተማው አጠቃላይ በጀት ይሸፈናል፣ የዚያ በጀት ትልቁ ምንጭም ሴልስ ታክስ ነው። ሐቫና ጎዳና ላይ ጫማ የሚገዛ ተከራይም ድርሻውን ይከፍላል ማለት ነው። ከከተማው ወሰን ውጭ ግን ኃላፊነቱ የአካባቢው የእሳት መከላከያ ዲስትሪክት ነው። የከተማ መኪና በመረዳዳት ስምምነት ሊታከል ይችላል እንጂ ቀድሞ የመድረስ ግዴታ የለበትም።

ሁለተኛው እምነት ሥሩ ጠለቅ ያለ ነው። ዴንቨር ራሷ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1863 የንግድ ማዕከሏ ከተቃጠለ በኋላ፣ በ1866 ያቋቋመችው እሳት አደጋ የበጎ ፈቃደኞች ነበር። ያኔም ቢሆን መሰላሉና ጋሪው በገንዘብ ተገዛ። በጎ ፈቃደኛው የሚሰጠው ጉልበቱንና ጊዜውን ብቻ ነው። እንደ ዕድር ነው፦ ድንኳኑን የሚተክለው ጎረቤት አይከፈለውም፣ ድንኳኑ ግን ከወርሃዊ መዋጮ ነው የተገዛው። የእሳት አጥፊ ካፖርት እሳት የሚቋቋም የውጭ ጨርቅ፣ ውሃ የሚከላከል መሃከለኛ ሽፋንና ሙቀት የሚያግድ ገበር አለው፤ በአሜሪካ የሙያ መስፈርት መሠረት ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው፣ አዲስ ቢመስልም ይወገዳል። በዚህ ላይ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ሥልጠና፣ ነዳጅና የጉዳት መድን አለ። አንድ የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ ዛሬ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ዋጋውን የሚወስነው ፋብሪካው ነው፤ የሚነዳው ሰው ደሞዝ ይከፈለው አይከፈለው አይጠይቅም።

«ታዲያ ስቴቱ ይክፈል» የሚሉ አሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ግን የእነዚህ ዲስትሪክቶች ዋና ገቢ ከስቴቱ ሳይሆን ከፕሮፐርቲ ታክስ ነው፣ የሚሰላውም «ሚል» በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ሚል ከሺህ ዶላር አንድ ዶላር ነው። ቀረጥ የሚታሰብበት ዋጋው 30,000 ዶላር የሆነ ቤት በ10 ሚል 300 ዶላር ይከፍላል። ከ1992 ጀምሮ ታቦር የሚባለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መራጩ ሳይፈቅድ ግብር መጨመርን ከልክሏል። የባሰው ግን የ1982ቱ የጋላገር ማሻሻያ ነበር። የመኖሪያ ቤቶች ድርሻ በስቴቱ ቀረጥ ከሚታሰብበት ጠቅላላ ዋጋ ውስጥ 45 በመቶ አካባቢ እንዲቆይ ስላስገደደ፣ በዴንቨርና በአካባቢዋ የቤት ዋጋ ሲንር የግብር ማስያ መቶኛው (ከቤቱ ዋጋ ቀረጥ የሚታሰብበት ክፍል) በመላው ስቴት ከ21 ወደ 7.15 ወረደ። የቤት ዋጋዋ ንቅንቅ ያላለ የገጠር ቀበሌም ገቢዋ አብሮ ወረደ። የከተማው ሀብት የገጠሩን እሳት አጥፊ አደኸየ ማለት ነው፤ አሳቢ ሰው ቁጭ ብሎ ያቀደው አይመስልም፣ ግን ሆነ። መራጮች ማሻሻያውን የሻሩት በኅዳር 2020 ነው።

ገንዘብ የበጎ ፈቃድን መንፈስ ያጠፋል የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ቁጥሩ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በአሜሪካ በ1984 ወደ 898,000 የነበሩት በጎ ፈቃደኞች በ2020 ወደ 677,000 ወርደዋል፤ በተመሳሳይ ዘመን የጥሪው ብዛት ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል፣ አብዛኛውም የሕክምና ጥሪ ነው። ሰዎቹ የሸሹት ገንዘብ ስለበዛባቸው አይደለም፤ ሥልጠናው ረዝሞ፣ ሥራው ሩቅ ሆኖ፣ ጊዜ ስላጡ ነው። ኮሎራዶ ለ20 ዓመት ላገለገለ በጎ ፈቃደኛ ከ50 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ አነስተኛ ጡረታ እንዲከፈል ትፈቅዳለች፣ ስቴቱም ለጡረታው ፈንድ የተወሰነ ድጎማ ይሰጣል። ይህ ሰውን ያቆያል እንጂ ቅጥረኛ አያደርገውም፤ በጥሪ የሚሰጥ አበልም ቢሆን የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከቅጥር እሳት አጥፊ ክፍያ 20 በመቶ እንዳያልፍ ገድቦታል። «ግብር በዛብን» ለሚል ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ፦ ብዙ የመድን ኩባንያዎች የአካባቢውን የእሳት መከላከያ ደረጃ ከ1 እስከ 10 አይተው የቤት ኢንሹራንስ ይተምናሉ። ከግብሩ የተረፈው በኢንሹራንስ በኩል ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ከከተማ ውጭ ቤት የምትገዙ፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት የካውንቲውን የግብር ወረቀት ተመልከቱ፤ የእሳት ዲስትሪክቱ ስምና ሚሉ ለብቻው ተጽፏል። የዲስትሪክቱ ቦርድ የሚመረጠው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት በሜይ ወር ነው። በኮሎራዶ መራጭነት የተመዘገበና በዲስትሪክቱ የሚኖር ወይም ቀረጥ የሚከፈልበት ንብረት ያለው ሁሉ ድምፅ መስጠት ይችላል።