በራሱ የሚቆም የወረቀት ምስል፦ ለክረምት ወራት የሚሆን የሕፃናት ሥራ

በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡም ከደጅ እንዳይወጡ ሲከለክላቸው፣ በጀሞና በለቡ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚያድጉ ብዙ ሕፃናት ቀኑን የሚያሳልፉት በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት ነው። የሰበካ ጉባኤዎቻችን ለእነዚህ ሕፃናት ምን እናድርግ ብለው ሲመክሩ አስቀድሞ የሚነሣው አዳራሽና በጀት ነው። ከዚህ በታች የሚብራራው ሥራ ግን አንድ የታተመ ወረቀት፣ ያገለገለ ካርቶን፣ መቀስና ጥቂት የዱቄት ሙጫ እንጂ ሌላ አይጠይቅም፤ በእያንዳንዱ ቤትም ሊሠራ ይችላል።

ነገሩ ለሀገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይና መልአክ በወረቀት ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ ያበረክታሉ። ዛሬ ግን በየመንገዱ የሚሸጠው የታተመ ካርድ የልጁን እጅ እየተካ መጥቷል። ስለዚህ ከማተሚያ የምናወጣው ቅርጹን የሚያሳየውን መስመር ብቻ እንዲሆን፣ ቀለሙን፣ የልብሱን ጥለትና ፊቱን ግን ልጁ እንዲሞላው እመክራለሁ። ፊቱ ባዶ በሆነ ምስል ግራ የሚጋባ ልጅ አላየሁም፤ ግራ የሚጋቡት ወላጆች ናቸው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ ከጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ለሕፃናቱ ቢነገራቸው፣ ለእረኛው ሁለት ዓይን፣ ለተኩላው አንድ ዓይን ለመስጠት ይሽቀዳደማሉ።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ወረቀት ለምን እንደሚወድቅ ማስተዋል ይገባል። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የተለመደው ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ሲሆን፣ 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር የሆነው አንዱ ቅጠል 5 ግራም ያህል ብቻ ነው። ጠፍጣፋውን ብናቆመው መሠረቱ የራሱ ውፍረት ብቻ ስለሆነ ይወድቃል፤ መካከሉን አጥፈን እንደ መጽሐፍ ከፈት ብናደርገው ግን መሠረቱ ይሰፋልና ይቆማል። እኔ ይህን ሳላስተውል በመጀመሪያው ጊዜ ወላጆች በተሰበሰቡበት አርባ የወረቀት እረኞችን በጠረጴዛ ላይ ደረደርሁ፤ በሩ ሲከፈት አንድ ሳይቀር ተጋደሙ። ሕፃናቱ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ምስሉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ኖሮት ከእግሩ በታች 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ይተውለት። በዱቄት ቀለም የሚያትም ማተሚያ ይመረጣል፤ የፈሳሽ ቀለም ማተሚያ መስመሩን ሙጫው ሲነካው ያበላሸዋልና። ለሙጫው አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአምስት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይጓጉል በሚገባ ከተበጠበጠ በኋላ፣ በለስላሳ እሳት እያማሰሉ እስኪወፍር ማብሰል ነው። ወረቀቱ በብስኩት ካርቶን ላይ ይለጠፋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ እርጥብ ወረቀት ይለጠጣል፣ ሲደርቅም ይሰበሰባል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተለጠፈ ካርቶኑን ያጎብጠዋል። መፍትሔው በጀርባውም ሌላ ወረቀት ለጥፎ ከከባድ መጻሕፍት ሥር ማሳደር ነው።

ለመቆሚያው ከዚያው ካርቶን 8 በ3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይዘጋጃል። በቁራጩ መካከል ከላይ ወደ ታች አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ከምስሉ እግር በታች ባለው ቦታ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያንኑ ያህል ይሰነጠቅና ሁለቱ በመስቀል ቅርጽ ይጠላለፋሉ። ስንጥቁ ከካርቶኑ ውፍረት ከሰፋ ምስሉ ያዘነብላል። ለታናናሾቹ ግን ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ የምስሉን ራስ ከእጥፋቱ ጋር ማገናኘትና እንደ ድንኳን ማቆም ይበቃል፤ እጥፋቱ በራሱ በኩል እንዳይቆረጥ ብቻ ይጠንቀቁ።

የማንን ምስል እንሥራ የሚለው ጥያቄ ከአሠራሩ ይከብዳል። በአንድ ደብር የእመቤታችንን ሥዕል አትመን ለሕፃናቱ ሰጠን፤ በሳምንቱ አንዲት እናት ከደረጃ ላይ የተረገጠ አግኝተው በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ አባታችን አመጡት። አባታችን አልተቆጡም፤ ወረቀቱ ሲያረጅ የት እንደምናኖረው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የምናትመው እረኛ፣ ገበሬ ከነበሬዎቹ፣ ጀበና የያዘች እናት፣ ጭላዳና ዋልያ ነው። ሕፃናት ቅዱሳንን በሥዕል ማወቅ አለባቸው የሚሉ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን አሉ፤ እውነት አላቸው፤ ነገር ግን የቅዱሳን ሥዕል ቦታው የጸሎት ስፍራ እንጂ የመጫወቻ ሣጥን አይመስለኝም። የየደብሩ ካህናት በዚህ ቢመክሩበት መልካም ነው።

ሙጫው ለመድረቅ አንድ ሌሊት ስለሚፈልግ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መለጠፍ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማቅለምና መቁረጥ ይስማማል። ለሃያ ሕፃናት አምስት መቀስ ይበቃል፤ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ያቀልማልና። ስንጥቁን በምላጭ የሚያወጣው ግን አዋቂ ይሁን።