ድንጉጥ ውርንጭላን ማላመድ

የፈረስ ውርንጭላ በተወለደ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ቆሞ ይራመዳል። ፈረስ ከአውሬ የሚያመልጠው በሩጫ በመሆኑ ድንጋጤው የአመል ክፋት ሳይሆን በሕይወት ያቆየው ተፈጥሮው ነው።

ውርንጭላው ሰውን የሚለምደው አስቀድሞ በእናቱ በኩል ነው። ባዝራዋ ሰው ሲቀርባት ካልደነበረች እሱም ይረጋጋል፤ ስለዚህ በየዕለቱ እሷን እያሻሹ መንከባከብ ትልቁን ሥራ ያቀላል።

ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው ኋላ ያለው ግን አይታየውም። የሚቀርበው ሰው ከጎን፣ ወደ ትከሻው በኩል ይምጣ። ከዚህም የሚሻለው ዝቅ ብሎ ቁጭ ማለትና ውርንጭላው ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። አንገቱን አስግጎ ያሸታል፣ ያፈገፍጋል፣ ደግሞ ይመለሳል። በዚህ ሰዓት ለመያዝ መቸኮል የተገኘውን ሁሉ ያበላሻል።

መጀመሪያ የሚነካው ጋማው ከጀርባው የሚገናኝበት ቦታ ነው። ፈረሶች እርስ በርስ በጥርሳቸው የሚተካከኩት እዚያው ሲሆን፣ ሲታከክ የልብ ምቱ ይቀንሳል። ደስ ሲለው የላይኛው ከንፈሩ ረዝሞ ይንቀጠቀጣል። እጅ መነሳት ያለበት እሱ ሳይሸሽ፣ ረግቶ እንደቆመ ነው፤ በሸሸ ቁጥር የሚለቀቅ ውርንጭላ መሸሽን ይማራል።

አፋሳር ማጥለቅና እግር ማንሳት የሚከተሉት ከዚህ በኋላ ነው። አስሮ በግድ መጎተት የለጋውን አንገት ይጎዳል። ምግብን ዘወትር በእጅ ማጉረስም መንከስ ያስለምዳል።